የማስነሻ ስክሪፕት ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግኑና የምታስተዳድሩ ወዳጆች ሊኑክስን ስለሚያስነሱት ፕሮግራሞች፣ ስለ ግራብና ዩ-ቡት፣ ስለ ስክሪፕቶቻቸውም (ትዕዛዞቻቸው ስለሚጻፉባቸው ፋይሎች) የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ለዛሬ ታገሡኝ።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ በትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ፍላሽ ከተሰካ ኮምፒውተሮቹ አይነሱም፤ ሲነቀል ይነሳሉ። ምን ይሻላል?

ስክሪፕትህ ዲስኩን በተራ ቁጥር እየጠራው ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ፈርምዌሩ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ዲስኮቹን ያገኘበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ፍላሽ ሲገባ ተራው ይዛነፋል። ቅዳሜ ገበያ ሰው ስትፈልግ «ከዳር ሦስተኛው» አትልም፤ በስሙ ትጠይቃለህ። ግራብም ሰርች የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) በዩዩአይዲው (በተሰጠው ልዩ መለያ ቁጥር) ወይም በሌብሉ (በስሙ) ፈልጎ ያገኘዋል። ለከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) የምታስተላልፈው የሩት (ሲስተሙ ያለበት ፓርቲሽን) አድራሻም በዩዩአይዲ ይሁን፤ ብዙ ሰው አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል።

ላብራቶሪ ስላልክ ልጨምርልህ። አንድ ዲስክ ገልብጠህ ለሁሉም አድለህ ከሆነ ዩዩአይዲውም አብሮ ተገልብጧል። በየማሽኑ ለየብቻ እስካሉ ድረስ ችግር የለውም። ሁለቱን አንድ ማሽን ላይ የሰካህ ዕለት ግን ግራብ ቀድሞ ያገኘውን ይይዛል፤ አንተም የማይመለከትህን ሲስተም ስትጠግን ትውላለህ።

ከማራኪ፦ የግራብን ዋና ፋይል በእጄ ባስተካክለውስ?

ተዪው፤ ቀጣዩ የከርነል ዝማኔ ይደመስሰዋል። ኡቡንቱ ከሆነ የራስሽን የሜኑ መግቢያ 40_ከስተም በሚባለው ፋይል ጽፈሽ አፕዴት-ግራብን አስኪጂ።

ከፒያሳ፦ ዝማኔ መሃል መብራት ጠፋና አዲሱ ከርነል አልነሳ አለ። ስክሪፕቱ በራሱ ወደ አሮጌው እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል?

እንደ አወዳደቁ ነው። ፋይሉ ጨርሶ የማይጫን ከሆነ ፎልባክ የሚባለው ተለዋዋጭ ይበቃል፤ ግራብ ወደ ተጠባባቂው መግቢያ ያልፋል። ከርነሉ ከተጫነ በኋላ ከወደቀ ግን የግራብ ሥራ ስላበቃ መውደቁን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ምልክት አስቀምጥ፦ ስክሪፕቱ ከማስነሳቱ በፊት ግራብ ማስታወሻውን በሚይዝበት ግራብኢንቭ ፋይል ላይ «ተሞክሯል» ብሎ ይጻፍ፤ ሲስተሙ በደህና ሲነሳ ያጥፋው። በቀጣዩ ጊዜ ምልክቱ ካልጠፋ አሮጌው ከርነል ይመረጥ። ለከርነሉ «ፓኒክ=10» ብለህ ብታስተላልፍ ሲወድቅ ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱ እንደገና ይነሳል።

ምልክቱን ለማጥፋት አትቸኩል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መጠየቂያው ስለመጣ ብቻ ሲስተሙ ደህና ነው አይባልም፤ ዳታቤዙና ኔትወርኩ ሲነሱ ይጥፋ። ደግሞም ግራብኢንቭ 1024 ባይት ብቻ የሆነች ፋይል ናት፤ ኤልቪኤም ወይም ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምሩ አደረጃጀቶች) ላይ ከተቀመጠች ግራብ ያነባታል እንጂ አይጽፍባትም።

ከአራዳ፦ የእኔ ትንሽ ቦርድ ነው፣ በዩ-ቡት የሚነሳ። እሱስ ሲወድቅ በራሱ ወደ ተጠባባቂው እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል?

ዕድለኛ ነህ፤ ይኸው ዘዴ አብሮት ተሠርቷል፣ ሲገነባ መካተቱን ብቻ አረጋግጥ። ቡትካውንት ሙከራውን ይቆጥራል፤ ቡትሊሚት ላይ ከጻፍከው ሲያልፍ በዘወትሩ ትዕዛዝ ፋንታ አልትቡትኮማንድ ይሠራል። ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርገው ሊኑክስ ነው፤ ይህን ከረሳህ ጤነኛው ቦርድ ራሱ ወደ ተጠባባቂው ይሄዳል። ደርቆ ለሚቀር ቦርድ ዋችዶግ (ቦርዱ ሲደርቅ እንደገና የሚያስነሳውን ቆጣሪ) አብራ። ተለዋዋጮቹም በሁለት ቅጂ ይቀመጡ፤ መብራት ሲጻፍ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋል።

ከማራኪ፦ ተማሪዎች የግራብን ሜኑ እየከፈቱ ይነካካሉ። የይለፍ ቃል ላድርግበት?

አድርጊ። ለዘወትሩ የሜኑ መግቢያ ግን ያለ ይለፍ ቃል እንዲነሳ የሚፈቅደውን አንሪስትሪክትድ የሚለውን ጨምሪ፤ አለዚያ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ያድራል። ቃሉንም በግልጽ አትጻፊው፤ በፒቢኬዲኤፍ2 (የይለፍ ቃልን ወደማይነበብ መልክ በሚለውጥ ስልት) የተመሰጠረውን አስገቢ።