ጥቁር መሬት ሁሉ ለአትክልት ይሆናልን?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት ተከራይቼ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ለማልማት አስቤ ሁለት ቦታ ተመልክቻለሁ። አንደኛው ለጥ ያለ ጥቁር መሬት ሲሆን፣ ባለይዞታው በጤፍ ምርቱ የታወቀ መሆኑን ነግሮኛል። ሁለተኛው ወደ ኮረብታው ጥግ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ጠጠር የማያጣውና ኪራዩ የረከሰ ነው። ለምነቱን በምን ልለይ? የትኛውንስ ልምረጥ?

መልስ፦ ባለይዞታው አልዋሸዎትም፤ ቢሾፍቱ ያለችበት የአድአ አካባቢ ጥቁር መሬት በጤፍ ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ጤፍ ውሃ የተኛበትን መሬት ከብዙ ሰብሎች በተሻለ የሚችል በመሆኑ፣ ጤፍ ያማረበት ማሳ ለሽንኩርትም ያምራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ይህ አፈር ክረምት ሲገባ አብጦ ውሃን ወደ ታች አላሳልፍ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በሐምሌ ውሃ ውስጥ የሰነበተ ነጭ ሽንኩርት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ካሮትም በከባድ ጭቃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መውረድ ስለማይችል ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የመሬቱ ችግር እንግዲህ የምግብ ማነስ ሳይሆን አየር ማጣት ነው።

ባለይዞታውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው የት ማሳ ላይ ነው? እነዚህ ሰብሎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚዘሩ ስለሆኑ፣ እርስዎ ያዩትን ማሳ ከጠቆመዎት በዝናቡ ወራት ውሃ የሚቋጥር መሆኑን ነገረዎት ማለት ነው።

ቀጥሎም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። በዋልካ ላይ የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ውስጥ ሰርጎ ስለሚጠፋ እንዳያታልልዎት፤ አፈሩ ጠጥቶ እስኪጠግብ ጠብቀው እንደገና ሞልተው ይለኩት። በሰዓት 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይወርድ ከሆነ፣ ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ሳይሠሩ በክረምት አትክልት አይሞክሩበት። በእጅ መለየትም ይቻላል፦ እርጥቡን አፈር እንደ ገመድ አድቦልቡለው እንደ ቀለበት ሲያጥፉት ሳይሰነጠቅ ከታጠፈ፣ ሸክላነቱ የበዛ ነው።

ቀዩ መሬት ግን በጠጠሩ አይናቅ። የሚያሳስበኝ ጥልቀቱ ነው፤ ተዳፋት ላይ ያለ አፈር በጎርፍ ስለሚታጠብ ሁለት ሦስት ቦታ እስከ ጉልበት ይቆፍሩ። ዐለቱ ቶሎ ከተገኘ ይተዉት፤ ካልተገኘና በየካቲት፣ በመጋቢት የማይደርቅ ውሃ በአቅራቢያው ካለ፣ እኔ ብሆን እርሱን እመርጣለሁ፤ ከኪራዩ የተረፈውንም ለብስባሽ አውለው ነበር። በነገራችን ላይ ከቤት የራቀ ማሳ ፍግ እምብዛም አይደርሰውም፤ ኩበቱ ማገዶ ይሆናልና። በአንድ ይዞታ ውስጥ እንኳ ጓሮውና ዳሩ እንደ ሁለት አገር የሚለያዩት ስለዚህ ነው፤ ማሳው ከየት ወገን እንደሆነ ያጣሩ።

ለላቦራቶሪ ምርመራ ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ጥቂት ጥቂት አፈር ወስደው ያደባልቁ፤ የፍግ ክምር ከነበረበትና ከዛፍ ሥር ግን አይውሰዱ። የአሲድነት ልኬቱ (ፒኤች) ከ6 እስከ 7 ቢሆን ለጠቀሷቸው አትክልቶች ይስማማል፤ ከ5 ነጥብ 5 በታች ከወረደ ግን አሲድነቱ በዝቷልና ኖራ ያስፈልገዋል።

መሬት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የማይሸጥ በመሆኑ፣ ውልዎ የኪራይ ብቻ ይሁን። የይዞታ ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ውሉም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ አንድ ቀን በነሐሴ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ቦት ጫማ አድርገው ሁለቱንም ማሳ በእግርዎ ይዙሩ።