የቺፕውድ መደርደሪያሽን ከመሸጥሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽንም ሰዎች ከሥሩ የጻፉልሽን ምክርም አየሁት። ደሴ የምትኖሪው ተከራይተሽ ነው። የቺፕውድ መደርደሪያሽ በመጽሐፍ ብዛት መሃሉ ወደ ታች ጎብጧል። አሁን እሱን ሸጠሽ የዋንዛ ልታሠሪ ነው። አብሽሪ፣ ገንዘብሽን ያዢ።

እኔ አናጢ ነኝ። በዚህ ጉዳይ የሚመጣብኝ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው እንጨቱን ነው። ከእንጨቱ በፊት ግን ርዝመቱ ይታይ። የአንቺ 90 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ። አንድ ሜትር ሙሉ ወፍራም መጽሐፍ ሲደረደር 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ቺፕውድ እንዲህ ሲጫን ከርሞ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ ጭነቱ ቢነሳለትም እንደ ድሮው አይሆንም።

በሁለት ጫፉ ብቻ የተደገፈ ጣውላ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር መጉበጡ 16 ጊዜ ይቀንሳል። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጊው የሚቀንሰው 8 ጊዜ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ቋሚ መጨመር ወፍራም ጣውላ ከመግዛት ይሻላል፣ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጣውላዎቹን አውጥተሽ ገልብጪያቸው፤ የጎበጠው ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ በየክፍሉ መሃል ቋሚ አስገቢ። ቋሚዎቹ ግን አንዱ በአንዱ ትክክል ይረፉ፣ የመጨረሻው መሬት ይንካ። አለዚያ ሸክሙን ሁሉ ለታችኛው ጣውላ አሸከምሽው ማለት ነው። ጀርባው ክፍት ከሆነ ኮምፔንሳቶ ምቺበት፣ ወደ ጎን አይወላገድም።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቂው። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ቺፕውድ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አለቀለት። ልጆች ካሉ ደግሞ እንዳይንጠላጠሉበት ላዩን ከግድግዳው ጋር እሰሪው። ልስኑ ላይ የተመታ ሚስማር አይጸናም፤ የግድግዳውን ቋሚ እንጨት ፈልጊ።

ባሕር ዛፍ ይሻልሻል ያሉሽ ወንድሞች የደረቀ ማለታቸው ከሆነ እስማማለሁ። እርጥቡ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቡፌ ግዢ ያለችሽ ግን፣ ቡፌ ለሲኒና ለብርጭቆ ነው። ለአብዛኛው መጽሐፍ 25 ሳንቲ ጥልቀት ይበቃል፤ በጠባብ ክፍል ከዚያ በላይ መውሰድ ቦታ ማባከን ነው።

ዋንዛው የራስሽ ቤት ሲኖርሽ ይደርሳል። ያኔም አናጢው አንዱን ክፍል ከ60 ሳንቲ በላይ እንዳያስረዝምብሽ።