ምሰሶው ወደ ጎን እየተንጋደደ ላስቸገረህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የባለ 16 ጫማ ካታማራንህን (የባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባህን) ምሰሶ ለሁለት ስታነሱት ግማሽ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይንጋደዳል፣ ሦስተኛ ሰው ልጨምር ወይ ነው አይደል? አትጨምር። ችግሩ የጉልበት አይደለም።

የጎን ሽቦዎቹ ጀልባው ላይ የሚታሰሩት ከምሰሶው እግር ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ምሰሶው ከኋላ ተኝቶ ሲነሳ ላላ ብለው ይቆያሉ፣ የሚወጠሩት ቀጥ ሊል ሲቃረብ ብቻ ነው። እስከዚያ ወደ ጎን የሚይዝልህ ትከሻህና ምሰሶው ሲነሳ የሚዞርበት የእግሩ ፒን ናቸው። እኔ ሁለት ተጨማሪ ገመድ እጠቀማለሁ። የላይኛው ጫፋቸው ምሰሶው ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ የታችኛው ደግሞ በግራና በቀኝ፣ ከፒኑ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሄድ። ያኔ ምሰሶው ተኝቶም ሲነሳም ገመዱ እኩል እንደተወጠረ ይቆያል። ከመስመሩ ወጣ ካለ ግን አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፣ ባታስረው ይሻላል። ጀልባዋ የቆመችበት መሬትም ደልዳላ ይሁን። ከጎን የሚነፍስ ነፋስ ካለ ጀልባዋን አዙራት።

ከማንሳትህ በፊት የእግሩ ፒን መግባቱን፣ የጎን ሽቦዎቹ መታሰራቸውን፣ መቆለፊያ ቀለበቶቹ መዘጋታቸውን በእጅህ ነካክተህ አረጋግጥ። በዓይን ብቻ አይበቃም። ሽቦ መሪው ስር ወይም ተጎታቹ ላይ ተሰክቶ ምሰሶውን ግማሽ ላይ ሲይዘው ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው፣ አጋዥህ ሽቦዎቹን እየተከታተለ ይሁን። ተጎታች ላይ ሆነህ የምታነሳ ከሆነ ጎማውን በድንጋይ አስይዝ፣ ከመኪናውም አትፍታው። ኋላ ላይ ስትቆም አፍንጫው ብድግ ይላል።

ብቻዬን ላቁመው ካልክ ከፊት በገመድ መሳብ ነው፣ ግን ምሰሶው ተኝቶ ሳለ ስትስበው ኃይሉ ወደ እግሩ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። ገመዱን ከፍ የሚያደርግ አጭር ደጋፊ እንጨት ወይም ቱቦ እግሩ አጠገብ አቁም፣ ከዚያ በዊንች (ገመድ በሚጠቀልል መሣሪያ) ወይም በመዘውር ሳበው።

አሁን ዋናው ነገር። ቀና ብለህ እይ! የዚህ መጠን ጀልባ ምሰሶ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ተጎታቹ ላይ ሲቆም ደግሞ ይጨምራል። አሉሚኒየም ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰው የሚረሳው ማንሳቱን ሳይሆን ከተነሳ በኋላ ጀልባዋን ወደ ውኃው ሲጎትት ነው፣ የመብራት መስመር መንገዱ ላይ ካለ በስሩ አትለፍ፣ ዞር በል። አንዳንዱ ምሰሶ ጫፉ ፋይበርግላስ ነው፣ ሆቢ 16 በሚባለው ካታማራን ላይ ለምሳሌ የተደረገው ለዚሁ አደጋ ነው፣ ግን ከሥሩ ያለው ብረትና ሽቦው ያው ስለሆነ እሱን አትተማመን።

ካመለጠህ ልይዘው አትበል፣ ልቀቀውና ወደ ጎን ሽሽ፣ አጋዥህም ምሰሶው ሊወድቅበት በሚችለው መስመር ላይ አይቁም። ቀጥ ካለ በኋላ የፊቱ ሽቦ እስኪታሰር ድረስ አንዱ ወደ ፊት ገፍቶ ይያዘው። ምሰሶው በሸራው የሚዞር ዓይነት ከሆነ ውኃ ከመግባትህ በፊት የእግሩን ፒን አውጣ። ስታወርድ መልሰህ አስገባው፣ የፊቱን ሽቦ የምትፈታው ደግሞ አንድ ሰው ምሰሶውን ከያዘ በኋላ ብቻ ነው።