ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ሰፈር ኪነት ቡድኖች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ብዙ ሰው የሚያልፈው መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ የወሩ ደብዳቤ ሁሉ ስለሱ ሆነ። አራቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም፣ አንዳንዶቹም እንዳላወጣ ጠይቀውኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምንኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሁለቱ ክራር ይጫወታሉ፣ አንዷ ትጽፋለች፣ የቀረነው ትወና እንወዳለን። ቀበሌው አሮጌ አዳራሹን ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ግን «ሥራ ፈቶች ተሰበሰቡ» ይሉናል። እውነቱን ለመናገር እኛም ፈርተናል። ድሮ የነበረው ኪነት የቀበሌ ሰዎች ትዝ የሚላቸው እንግዳ ሲመጣና በዓል ሲደርስ ብቻ ነበር። ለሰፈሩ የሚጠቅም እንዲሆን ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚሆነው?

እየቀለድኩ አይደለም። በልጅነቴ የቀበሌያችን ኪነት አባል ነበርኩ። ከበሮ መቺ እንዳይመስልህ፣ ከበሮ ተሸካሚ። ከበሮው፣ ክራሮቹና የውዝዋዜው ልብስ ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸው ነበር የሚያድሩት። ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ከሄደ ልምምድ የለም። ለቅሶ ከሄደ ልምምድ የለም። በመጨረሻ ሰውየው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ቁልፉም አብሮት የተዛወረ ይመስለኛል። ኪነቱን ማንም አላፈረሰውም። ልጆቹ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰው በአራተኛው ቀሩ፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ የጥበብ ድርጅት ሲያወሩልኝ መጀመሪያ የማየው ምን ትልቅ ትርኢት አሳየ የሚለውን ሳይሆን፣ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ባለው ማክሰኞ በሩ ክፍት ነበር ወይ የሚለውን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ ነገር ልንገርህ። መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን የሚረዳ ጀሚናይ የሚባል ድርጅት ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አዘጋጅ ወደዚያ ድርጅት መጣና መቶ ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ይዞ ትልቅ ትርኢት አሳየ። እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ ፈረንጅ መጣ፣ ልጆች ጨፈሩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወደየቤታቸው ገቡ። የሚገርመኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ከልጆቹ መሐል 18ቱ ተመርጠው አምስት ዓመት ሰለጠኑ። አምስት ዓመት! አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ከዚያ ወጣ። ልጆቹም መድረክ ላይ ብቻ አልቀሩም፤ ወደየሰፈሩ ወርደው ሌሎችን አስተማሩ፣ አካል ጉዳተኞችን ይዘው ዳንስ ሠሩ። ከነሱ ውስጥ ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ ዴስቲኖ የሚባል የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ውጭ አገር ድረስ ታይተዋል። እኔን ግን ከውጭ አገሩ መድረክ ይልቅ የሚያስቀናኝ ያ አምስት ዓመት ነው።

እናንተ አምስት ዓመት ቃል ግቡ አልልም። አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ምረጡ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ካላችሁ፣ ዝናብ ቢዘንብም ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይከፈት።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ አትቀየማቸው። «አዝማሪ» ስድብ በነበረበት ዘመን ነው ያደጉት። ግን ይህንንም ንገራቸው፦ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ማኅበር ነበር። ጣሊያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ ሕዝቡን ለማነቃቃት ነው ንግግርና ዘፈን በአደባባይ ይቀርብ የነበረው። እነ ጥላሁን ገሠሠ በኋላ የወጡበት ቤት ሥራ ሲጀምር ሥራው አገር መቀስቀስ ነበር ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «ሥራ ፈት» የሚል ሽማግሌ ካለ እጁን ሳሙለትና እለፉ።

ስለምታሳዩት ነገር ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ አትስበኩ። የሰፈር ድራማ ስንት ጊዜ አየን? ጎረምሳው ይጠጣል፣ ይሰርቃል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፣ ከዚያ አንዱ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣና «ስለዚህ ወገኖቼ…» ይላል። ሰው ያጨበጭባል፣ ወጥቶ ጠላውን ይጠጣል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት በሬዲዮ ያሰራጨውን «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. 257 ክፍል ተላልፏል። ሰው የወደደው ባለታሪኮቹ ሲሳሳቱ፣ ሲመለሱ፣ እንደገና ሲሳሳቱ ከሁለት ዓመት በላይ አብሯቸው ስለኖረ ነው እንጂ አንድ ሰው ስለመከረው አይደለም። አድማጮች የጻፉት ደብዳቤ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ቤተሰብ ዕቅድና ኤች አይ ቪ የጓዳ ጭንቅ በነበሩበት ጊዜ ሰው ስለነሱ ጮክ ብሎ ማውራት የጀመረው ስለ ባለታሪኮቹ እያወራ መስሎ ነው።

እናንተ ሬዲዮ የላችሁም፣ አዳራሽ ግን አላችሁ። የብራዚሉ የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው አንድ ዘዴ አለ፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አጭር ድራማ ትሠራላችሁ፤ የቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ የሚነሳ ጠብ በሉት። ሳይፈታ መጥፎ ቦታ ላይ ታቆሙታላችሁ። ከዚያ እንደገና ትጀምሩታላችሁ፣ አሁን ግን ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ወጥቶ ተዋናዩን ተክቶ በራሱ መንገድ ይሞክራል። ምክሩ ከእናንተ አፍ መውጣቱ ቀርቶ ከሰፈሩ ይወጣል።

ሽማግሌዎቹን እዚህ ላይ ነው የምታገኟቸው። የሽምግልና ትዕይንት ሥሩ፣ ሆን ብላችሁም አበላሹት። ታናሹ ቀድሞ ይናገር፣ ተበዳይ ሳይሰማ ይፈረድ። ከሁዋላ ወንበር አንዱ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንዲህ አይደለም የሚሸመገለው!» ብለው ካልተነሱ እኔን በሉኝ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሰርከስ የሚያሰለጥኑ ልጆች አሉና «ካልገባሁ» ብሎ አስጨነቀኝ። አጥንቱ እንዳይሰበር፣ ትምህርቱን እንዳይተው ፈራሁ። ጎረቤቶቼም ይስቁብኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከጀሞ)

መልስ፦ እሜቴ፣ ጎረቤትዎ መሳቁን አይተውም፣ እሱን ይተዉት። ፍርሃትዎ ግን ተገቢ ነው።

ሰርከስ «ሰርከስ ኢትዮጵያ» በሚል ስም አዲስ አበባ ላይ በ1991 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ወደ ጅማ፣ ናዝሬትና መቀሌ ሲዛመት ብዙ የሰፈር ልጅ ቀጥ ብሎ የቆመበት ነገር ሆኗል። ከነዚህ በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፍካት ሰርከስ ልጆች ከማሰልጠን አልፎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ቀይ አፍንጫ ያጠለቁ ቀልደኞችን ይልካል። አልጋ ላይ ወር የቆየ ልጅ ሲስቅ የእናቱ ፊት ምን እንደሚሆን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ታሪኩ ሁሉ ጭብጨባ ግን አልነበረም። በ1998 እ.ኤ.አ. ለትርኢት የሄዱ የሰርከስ ኢትዮጵያ ልጆች አውስትራሊያ ላይ ጥገኝነት ጠይቀው ሲቀሩ፣ በቡድኑ ውስጥ በደል ደርሶብናል ማለታቸውም አብሮ ተሰምቷል። ይህን የምነግርዎ እንዲጠነቀቁ ነው እንጂ ለማስፈራራት አይደለም። ስለዚህ ሳያሳውቁ በልምምድ ሰዓት ሄደው ይቀመጡ። «ወላጅ አይገባም» ካሉዎት ልጅዎን ይዘው ይውጡ፣ ሁለተኛ አይመለሱ። ከገቡ ደግሞ ወለሉን ይዩ፦ ፍራሽ አለ ወይስ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚገለባበጡት? አዲስ ልጅ ሲዘል ከታች እጁን ዘርግቶ የሚይዘው ሰው አለ? አሰልጣኙ ብቻውን ከልጆች ጋር ነው ወይስ ሌላ አዋቂ አብሮት አለ? ሴት አሰልጣኝ ካለች ጥሩ ምልክት ነው። ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ፊት ለፊት ይጠይቁ፣ እንዳያፍሩ።

ትምህርቱን በተመለከተ ከአሰልጣኙ ጋር ይስማሙ፤ ውጤቱ ከቀነሰ ልምምድ ይቀንሳል። ልጆች የውጤት ካርዳቸውን ከእናታቸው ይደብቃሉ እንጂ የአሰልጣኛቸውን ቁጣ አይችሉም።

ጥያቄ፦ ጥበብ ዳቦ ይሆናል? አጭር መልስ እፈልጋለሁ። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ ለጥቂቱ ይሆናል፣ ለብዙው ሻይ ይሆናል። ሙያ ጨምርበት፤ የድምፅ መሣሪያ ማስተካከል፣ መብራት፣ ልብስ ስፌት፣ ቪዲዮ መቁረጥ። መድረክ ላይ ከቆመው አንድ ሰው ጀርባ ስንት ሰው እንደሚበላ ብታይ ትገረማለህ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሴቶች ማኅበር አለን። ተወልደን ባደግንበት ሰፈር ለልጆች የጥበብ ማዕከል መሥራት አሰብንና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። ግማሾቻችን ሕንፃ እንሥራ እንላለን፣ ግማሾቻችን ሌላ ነገር ይሁን ይላሉ። ጋሼ ዳኘን።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከ«ሌላ ነገር» ጋር ነኝ። ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶው ያምራል፣ ማኅበራችሁም ደስ ይለዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ለጥበቃው የሚከፈል ይጠፋና የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ስንቱን አየሁ መሰለሽ።

ሕንፃ ራሱ ሥራውን የሚሠራበት ጊዜም አለ፣ እሱን አልክድም። አዲስ አበባ ስትመጪ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ሂጂና እዪው። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው የመሠረቱት፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው ለሕዝብ የተከፈተው። ስሙ በወጣትነቷ ካረፈች ዞማ ሽፈራው ከምትባል ሠዓሊ የተወሰደ ነው። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፣ እንደ አያቶቻችን ቤት፤ ግድግዳው ግን እንደ ጥልፍ ተቀርጿል። ግቢው ውስጥ የአትክልት ቦታ አለ፣ ላሞች አሉ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። እኔን የነካኝ ምን መሰለሽ? ጭቃ ማቡካትና መለሰን የድህነት ምልክት አድርገን የጣልነው ሙያ ነው። እዚያ ግን ያን ሙያ የሚያውቅ እጅ ተፈልጎ ተከፍሎት ሠራ፣ የሠራውን ለማየትም ሰው ከፍሎ ይገባል። ቆርቆሮና ብሎኬት ገዝቶ ማስገንባት ይህን አያመጣም።

እንደዚያ ለመሥራት መሬት፣ ዕድሜና እልህ ይጠይቃል። እናንተ ሜሪላንድ ተቀምጣችሁ አትችሉትም፣ አትቀየሚኝ። የምትችሉት ይኸውልሽ፦ ሰፈሩ ውስጥ ቀድሞ የሚሠራ ሰው ፈልጉ። በረንዳው ላይ ልጆች ሰብስቦ ማሲንቆ የሚያስተምር፣ ሥዕል የምታሳይ አስተማሪ አይጠፋም። የሁለት ዓመት ደመወዙን ቻሉ፣ በየወሩ ሳይዛነፍ። የልጆቹን ሻይና ዳቦ ጨምሩበት፤ ተርበው የሚመጡ አሉና ዳቦው ከሥልጠናው እኩል ያመላልሳቸዋል። ለሴት ልጆች የታክሲ አስቡ፣ ሲመሽ ቤተሰብ የሚያስቀራቸው በመንገዱ ምክንያት ነው። ሪፖርት በየሳምንቱ አትጠይቁት፣ አስተማሪውን ጸሐፊ ታደርጉታላችሁ። ቪዲዮ ይላክልን ብላችሁ ልጆቹን በየቅዳሜው ካሜራ ፊት አታሰልፏቸው።

ክፍል መከራየት ካስፈለገ ተከራዩ፣ ውሉ በአንድ ሰው ስም ብቻ አይሁን። ቁልፉን ደግሞ ሦስት አስቀርጹ። አንዱ አስተማሪው ጋ፣ አንዱ ከወላጆች የታመነች ሴት ጋ፣ ሦስተኛው እዚያው በር ላይ ያለችው ባለ ሱቅ ጋ ይቀመጥ። እሷ አትዛወርም።