የገዘፈው ሶፋና የሚያዞረው የቪአር ክፍል

ጥያቄ፦ «የቤት ዕቃ በኦንላይን እሸጣለሁ። ደንበኛ በቪአር (በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም በሚያሳይ) መነጽር ገብቶ ሶፋ የሚያይበት ክፍል አሠራሁ። አንዳንዱ ሶፋ ግን ሕንጻ አክሎ ይታያል። ብዙዎቹ ደንበኞች ደግሞ ወዲያው ‹አዞረኝ› ብለው ያወልቁታል። መነጽሩን ልቀይር?»

ቆይ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ከነገሩኝ ስነሳ ጥፋቱ የመነጽሩ አይመስለኝም።

የመጠኑ ነገር ቀላል ነው። የሶፋው 3ዲ ቅርጽ፣ ማለትም ሞዴሉ፣ የሚቀመጥበት ጂኤልቢ ፋይል የሚቆጥረው በሜትር ነው። በሴንቲሜትር የተሠራ ሞዴል ሳይቀየር ከወጣ፣ 200 ሴንቲሜትር የነበረው ሶፋ 200 ሜትር ይሆናል። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ይክፈቱት፣ ርዝመቱን ከእውነተኛው ሶፋ ጋር ያመሳክሩ፣ ስኬሉን አስተካክለው እንደገና ኤክስፖርት ያድርጉ። በዓይን ግምት ማሳነስ ግን አይሆንም። ሰው መነጽር የሚያጠልቀው «ሳሎኔ ይበቃዋል ወይ?» ብሎ ነው። ልኩ ከተዛባ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል።

ዋናው ሥራ ማዞሩ ላይ ነው። መነጽሩ በሰከንድ 90 ፍሬም (ተከታታይ ሥዕል) የሚያሳይ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ያውም ለሁለት ዓይን። ሥዕሉ ሲዘገይ ሰውየው ራሱን ያዞራል፣ ክፍሉ ከኋላ ይንቀረፈፋል። ሆድ የሚያውከው ይሄ ነው።

ስለዚህ ሞዴሉን ያቅልሉት። የትራሱን ስፌት ክር በክር በቅርጽ መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ኖርማል ማፕ፣ ማለትም በብርሃን አወዳደቅ ጎድጓዳና ጉብታ የሚያስመስል ምስል፣ ያንኑ ያሳያል። ከዚያ የጨርቁን ምስል፣ ማለትም ቴክስቸሩን ይዩ። 4096 በ4096 ፒክስል የሆነ ጄፔግ ዲስክ ላይ ትንሽ ነው፤ ግራፊክስ ሜሞሪ ውስጥ ሲዘረጋ ግን 64 ሜጋባይት ይይዛል። አንድ ሶፋ እንዲህ ያለ ሦስት ምስል ሊኖረው ይችላል! ወደ 1024 ሲወርድ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ከሩቅ ለሚታዩ ዕቃዎች ይህ ይበቃል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ፦ ደንበኛው ክፍሉ ውስጥ የሚሄደው በጆይስቲክ እየተንሸራተተ ነው? ከሆነ ሠሪው ያንሣው። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆሜያለሁ» ይላል፤ ፍሬሙ ምንም ቢፈጥን ያዞራል። በምትኩ ነጥብ አመልክቶ እዚያው የሚዘልበትን ቴሌፖርት ያስገቡ።

ሲሞክሩት መነጽር አጥልቆ የማያውቅ ሰው ይፈልጉ። እርስዎና ሠሪው ለምዳችሁታል፣ አትታመኑም። ያንኑ የቀለለ ፋይል ደግሞ በስልክ እያዞሩ እንዲያዩት የዕቃው ገጽ ላይ ይጫኑት፤ መነጽር የሌለው ደንበኛ ይበዛል።