«አስተማሪ ነበረች» ብዬ ልጻፍ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ክረምት አንዲት የሕግ ተማሪ ለልምምድ መጥታልናለች። 12 ዓመት አማርኛ ካስተማረች በኋላ ነው ማታ ማታ ሕግ መማር የጀመረችው፤ አሁን መጨረሻ ዓመት ላይ ናት። አለቃዬ ቴሌግራማችን ላይ የምትተዋወቅበትን አጭር ጽሑፍ አዘጋጂ አለኝ። እሷ ግን «ማስተማሬን አትጻፊው፣ በዚህ ዕድሜዋ ጀማሪ ናት ይሉኛል» ትላለች። ጠበቆቹ ደግሞ «ቲቸር» ነው የሚሏት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን እጽፈዋለሁ፤ ያውም መጀመሪያው ላይ። ግን አሳይተሻት፣ እሺ ስትል ብቻ። አሁንም አይሆንም ካለች ተዪው፤ ታሪኩ የራሷ ነው።

ፍርሃቷ ይገባኛል። ሙያ የቀየረን ሰው «ያኛው አልሆንለት ብሎ ነው» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ለምን ማስተማር እንደተወች አንድም ቃል አትጻፊ። ዓመቱን ብቻ ቆጥረሽም አታቁሚ፤ ማስተማሯ ለቢሮው ምን እንደሚጠቅም ጻፊ።

ለምሳሌ ከሥራ የተባረረ ባለጉዳይ ሲመጣ አይተሽ ይሆናል። ወረቀቱን ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ተናዶ፣ ታሪኩን ከመሐል ይጀምርልሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል፤ ላልተከፈለ ደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ ያለው 6 ወር ነው። ስለዚህ ውሉ የተቋረጠበት ቀን ወሳኝ ነው። ሰውየው ግን «ከፋሲካ በኋላ ይመስለኛል» ነው የሚለው። ዕድሜዋን ክፍል ውስጥ ያሳለፈች ሰው እዚህ ጋ አትቸኩልም። አስጨርሳ ትሰማዋለች፣ ወረቀቱን በቀን ቅደም ተከተል ትደረድራለች፣ ሲወጣም «እስቲ የተነጋገርነውን መልሰው ይንገሩኝ» ትለዋለች። ይህን ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣ ልጅ ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይጻፍ፦ ጠበቃ አይደለችም። የጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ነገር ነው፤ ተለማማጅ የሕግ ምክር አይሰጥም። «ይርጋው አልፎብሃል» ወይም «አላለፈብህም» ማለት የጠበቃው ሥራ ነው። ባለጉዳዩ ይህን ከመጀመሪያው ይወቅ፤ እሷም ትጠበቃለች።

እንዲህ ብትጽፊውስ፦

«ወይዘሮ እገሌ በዚህ ክረምት በቢሯችን በተለማማጅነት ይሠራሉ። ለ12 ዓመታት አማርኛ አስተምረዋል፤ አሁን የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ናቸው። ባለጉዳዮችን ተቀብለው ታሪካቸውንና ሰነዳቸውን ያደራጃሉ፣ ክስና መልስ በማርቀቅ ጠበቆችን ያግዛሉ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎችን ይፈልጋሉ። የሕግ ምክር የሚሰጡት ጠበቆቻችን ናቸው። የሚነግሯቸው ሁሉ በምስጢር ይያዛል።»

አንቱታውን አትቀንሺው። «ቲቸር» የሚለውን እሷ ከወደደችው እናንተው መሐል ይቀጥል፤ ባለጉዳይ ፊት ግን በስሟ ጥሯት፣ አለበለዚያ ሰው ማን እንደሆነች ግራ ይገባዋል።

ለአለቃሽም ይህን ንገሪልኝ። ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ የሚሠራው ተረኛ ችሎት ብቻ ነው። ሐምሌን ቢሮ ቁጭ ብላ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ ካሳለፈች ክረምቱ ከንቱ ነው የሚሆንባት። አሁኑኑ ልደታ ፍርድ ቤት ይውሰዷት፤ ችሎት ትቀመጥ፣ መዝገብ ቤት ሄዳ መዝገብ እንዴት እንደሚከፈት ትይ፣ ምስክር ሲጠየቅ ትስማ። አዋጅ ማንበቡና የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ማገላበጡ ነሐሴ ላይ ይደርሳል።