«አስባለሁ» ወይስ «ይመስለኛል»?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት አሜሪካ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አማርኛ ነው የምናወራው። ሰሞኑን አያቴን «ነገ ዝናብ ይዘንባል ብዬ አስባለሁ» ብላቸው «ቢዘንብስ ምን ያሳስብሻል ልጄ?» አሉኝ። እኔ «አይ ቲንክ» ለማለት ነበር። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞ ሐሳብና ሒሳብ ዘመዳሞች ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽ በደንብ ነው የሰሙሽ። አንቺ ግምትሽን ነገርሻቸው፣ እሳቸው ጭንቀት ሰሙ። ተሳስተሻል አልልም። ዛሬ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም «ብዬ አስባለሁ» ነው የሚለው፤ ለቃለ መጠይቅ የቀረበ ሰው ሁሉ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስገባታል። ግን የአማርኛው «አሰበ» የእንግሊዝኛውን «ቲንክ» ያህል ቀላል ግስ አይደለም። ሥራ ያለበት ግስ ነው።

በየቀኑ የምንጠቀምበትን እዪ። «ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ አስቤያለሁ» ዕቅድ ነው። «ለእናቱ ያስባል» እንክብካቤ ነው። «አታስቢ» ደግሞ አትጨነቂ ማለት ነው፤ አእምሮሽን ዝጊ ማለት አይደለም። ሐሳብ ሰውን ይይዛል፣ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ጭልጥ አድርጎም ይወስዳል። «ሳያስበው» ስንል በድንገት፣ «አስቦበት» ስንል ሆን ብሎ። መታሰቢያ የምንለውም ከዚሁ ነው የወጣው። ስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን «ተዘከረነ እግዚኦ» እየተባለ በግእዝ ይዜም የለ? ያንን ልመና መጀመሪያ ያቀረበው ከክርስቶስ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» ሆኗል። አትርሳኝ፣ ከሰው ቁጠረኝ ማለቱ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የተሸከመ ግስ ለነገ ዝናብ ሲውል፣ አያት «ምን አስጨነቀሽ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እሳቸው ቢሆኑ «ነገ የሚዘንብ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። ባጭሩም «ነገ ይዘንባል መሰለኝ»። ይቺ መጨረሻ ላይ ጣል የምትደረገው «መሰለኝ» በጣም ጥሩ ነገር ናት። መጀመሪያ ነገሩን ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ትንሽ ታለሳልሺዋለሽ። ነገሩ ያለፈ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። «ቤት ያለሽ መስሎኝ መጣሁ» ካልኩሽ፣ አለመኖርሽን ሌላ ቃል ሳልጨምር ነገርኩሽ፤ «መስሎኝ» ራሷ ግምቱ እንዳልሆነ ትናገራለች። «ቤት አለሽ ብዬ አስቤ መጣሁ» ብል ግን ታሪኩ ገና አላለቀም፣ ኖረሽ ሊሆንም ይችላል።

የሰው አስተያየት ስትጠይቂም እንደዚሁ ነው። «ስለ አዲሱ ቤት ምን ታስቢያለሽ?» የሚለው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ አረፍተ ነገሩ ያስታውቃል። «ቤቱን እንዴት አየሽው?» በይ። ምክር ከሆነ የፈለግሽው «ምን ትያለሽ?» በይ። ራቅ ያለ ዘመድሽን ልትጽፊለት ወይም ልትደውዪለት ፈልገሽ «ስለ አንተ እያሰብኩ ነበር» ካልሽው ደግሞ የሆነ ችግር ደርሶብሃል ወይ ያልሽው ያህል ይደነግጣል። «ትዝ ብለኸኝ ነው» በቂ ነው። ናፍቆት ካለበት «ናፍቀኸኝ» አለልሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «መሰለኝ»፣ «ትዝ አለኝ»፣ «ገባኝ»፣ «ጠፋኝ» ሁሉም የተሠሩት «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» በተሠሩበት መንገድ ነው። አድራጊው ሌላ ነው፣ ሰውየው «ኝ» ሆኖ ጭራ ላይ ይንጠለጠላል። ብርዱ ይመጣበታል፣ ትዝታውም ይመጣበታል። የሰው ስም ሲጠፋው ራሱ ያጠፋው አይመስለውም፤ ስሙ ነው የጠፋው። «አሰብኩ»ን፣ «ገመትኩ»ን፣ «አወጣሁ አወረድኩ»ን ግን ሰውየው ራሱ ነው የሚሠራቸው። አማርኛ በሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ነገር በሁለት ከፍሎታል፤ ሰው የሚያደርገው አለ፣ ወደ ሰው የሚመጣ አለ። «ብዬ አስባለሁ» ሁሉን ቦታ ሲወር የሚያሳዝነኝ ይህ ልዩነት እየደበዘዘ መሄዱ ነው።

የሚገርመው እንግሊዝኛም ይህ ልዩነት ነበረው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ግሦች ነበሩ፤ «ቴንቻን» ማሰብ ነው፣ «ቲንቻን» ደግሞ መምሰል። ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ድምፃቸውም በጣም ስለሚቀራረብ በመካከለኛው ዘመን እየተቀላቀሉ ሄዱና ዛሬ አንድ «ቲንክ» ብቻ ቀረ። የሁለተኛው ርዝራዥ በድሮ እንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ የምታገኚው «ሚቲንክስ» ነው። ብዙ ሰው የተበላሸ «አይ ቲንክ» ይመስለዋል፤ አይደለም። «ሚ» እዚያ «ለእኔ» ማለት ነው፣ ግሡም መምሰል ነው፤ ቃል በቃል «ይመስለኛል»! ጀርመንኛ ደግሞ «ዴንከን»ንና «ዲውንከን»ን ለያይቶ ይዟል፤ ሁለተኛው ዛሬ ያረጀ ቃል ቢሆንም። «ቴንክ ዩ»ም የዚሁ ቤተሰብ ናት፤ «ቴንክ» ጥንት ሐሳብ ማለት ነበር፣ ቀጥሎ መልካም ሐሳብ ሆነ፣ በመጨረሻ ምስጋና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። አዎ፣ ሐሳብና ሒሳብ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የግእዙ «ሐሰበ» ቆጠረም አሰበም ማለት ነው። አማርኛ የ«ሐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ስለጣለ ግሡ «አሰበ» ሆነ፤ ቆጠራው ግን አልጠፋም። ሱቅ ሄደሽ «ስኳሩንና ዘይቱን አስብልኝ» ስትዪ ባለሱቁ ቁጭ ብሎ እንዲያሰላስል አይደለም፣ እንዲደምርልሽ ነው።

የድሮው ትርጉም በግልጽ የሚታየው ባሕረ ሐሳብ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጾሙንና በዓሉን የምታወጣበት፣ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው የዘመን ቀመር። ስሙን ብቻ የሰማ ፍልስፍና ሊመስለው ይችላል፤ ቁጥር ነው። የ2017ን ልሥራልሽ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን ሲደመር 2017፣ 7517 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ፣ ማለት ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይተርፋል። አንድ ይቀነሳል፤ 11፣ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ 1፤ ይህ ቀሪ አበቅቴ ይባላል። ወንበር በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29፤ ይህ ደግሞ መጥቅዕ ይባላል። የዓመቱ አጽዋማት ከዚህ ተነሥተው ይወጣሉ። የባሕሩ «ሐሳብ» እንግዲህ ይህ ነው።

«ሒሳብ» የሚለው ቃል ግን በሌላ በር ነው የገባው፤ ከዓረብኛው «ሒሳብ»። አናባቢው ራሱ ይናገራል፤ ከግእዙ ቀጥታ የወጣው «ሐሳብ» ነው፣ «ሒ» ብሎ የሚጀምረው የዓረብኛው አወጣጥ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሦስተኛውን ዘመድ በየቀኑ ይሰሙታል። በዕብራይስጥ «ኻሻቭ» አሰበ ነው፣ ምግብ ቤት ሒሳብ ሲጠየቅ «ኼሽቦን» ይባላል፣ ኮምፒውተር «ማኽሼቭ» ነው። የእነሱ «ሽ» የእኛ «ስ» መሆኗ የተለመደ ነው፣ ሻሎምና ሰላም እንደሚተያዩት። ላቲኖችም ያለ ምንም ዝምድና እዚያው ደርሰዋል፤ «ፑታሬ» ዛፍ መከርከምም፣ ሒሳብ ማጥራትም፣ ማሰብም ነበር፣ «ኮምፒውተር» የመጣው ከእሱ ነው።

አጻጻፉን ባትጠይቂኝም፣ ጋዜጣው ላይ «ሀሳብ»ም «ሃሳብ»ም «አሳብ»ም ታያለሽ። ሥሩን የምትከተዪ ከሆነ ሁለቱንም በሐመሩ ሐ ጻፊ፤ ሐሳብ፣ ሒሳብ።